ምን አለሽ?

የአዲስ አበባ ሰው ቤቱ ጠባብ፣ ዕቃው ብዙ ነው። ከአልጋው ሥር ሻንጣ አለ፤ ሻንጣው ውስጥ ሌላ ሻንጣ አለ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ነገር ምንነት የጠቀለለው ሰው እንኳ ረስቶታል። ከበሩ ኋላ የተንጠለጠለው ፌስታል በሌሎች ፌስታሎች ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል። ማድ ቤቱ ጥግ ባዶ ሃይላንድ ተደርድሯል። ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ ድስቱ የጠፋ ክዳን፣ ቁልፍ የሌለው ጓጉንቸር፣ ጓጉንቸር የሌለው ቁልፍ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ብፌው ውስጥ ደግሞ ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ የሰው ከንፈር ያልነካቸው ብርጭቆዎች ተሰልፈው እንግዳ ይጠብቃሉ። እስከ ዛሬ ከመጣው እንግዳ ሁሉ ለእነዚያ ብርጭቆዎች የሚመጥን አልተገኘም።

"ይህን ሁሉ ለምን ታስቀምጫለሽ?" ብላችሁ የቤቱን እመቤት ብትጠይቁ መልሷ አንድ ነው፤ "አንድ ቀን ይጠቅማል።"

ይህቺ "አንድ ቀን" የምትባል ዕለት በዘመን መቁጠሪያችን ውስጥ የለችም። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ አሥራ ሦስቱንም ወር ብታገላብጡ አታገኟትም። ይሁን እንጂ በስሟ የተቆለፈው ሣጥንና የታሰረው ጥቅል ቢቆጠር የከተማችንን እኩሌታ ሳይዝ አይቀርም።

ይህን ማለቴ በእናቶቻችን ለመሳለቅ አይደለም። መቼም ሰው ያለ ምክንያት ጣሳ አያጠራቅምም። ዛሬ አያት የሆኑት ሰዎች ያለፉበትን ዘመን ማየት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ትናንት የብዙ ቤት ባለቤት የነበረ ሰው በማግስቱ ከእጁ የቀረው አንድ መኖሪያ ቤቱና የቤት ውስጥ ዕቃው ብቻ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎንና ትግራይን ሲፈጅ ከተሜውም ያየው ነገር ከዓይኑ አልጠፋም። በዚያው ዘመን ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በራሽን፣ ያውም ተሰልፎ የሚገኝ ነገር ነበር። ዘይት መጣ በተባለ ጊዜ ጠርሙስ ያልያዘ ሰው ተራው ቢደርስም በምን ይቀበላል? ባዶ ጠርሙስ ያን ጊዜ ቆሻሻ አልነበረም። ወረፋ ማስያዣ፣ ጓዳ ማቆያ፣ ለጎረቤትም ማበደሪያ ነበር። በዚያ ዘመን ትዳር የያዘች ሴት እጇ ጣሳ መጣል እምቢ ቢላት ልንፈርድባት አይገባም። ጣሳው ባዶ ይምሰለን እንጂ ውስጡ የዚያ ዘመን ፍርሃት ተቀምጧል።

እኛ ልጆቿ ደግሞ ፍርሃቱን ሳናውቀው ልማዱን ወርሰናል። "ስከሳ እለብሰዋለሁ" የምንለው ሱሪ አለን። ባትሪያቸው አብጦ የሞቱ ስልኮች በመሳቢያችን ውስጥ ተደራርበው ተኝተዋል። ቻርጀራቸውም በየጎናቸው ነው፤ ሟች ከነመሣሪያው ይቀበር እንደነበረው እንደ ጥንቱ ዘመን።

* * *

የሰው ልጅ ዕቃ ያጠራቀመውን ያህል፣ ዕቃ እየጣለ ነፃ ለመውጣትም የሞከረው ከጥንት ጀምሮ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ዲዮጋን ማደሪያው ትልቅ የሸክላ ጋን፣ ንብረቱ አንድ ዋንጫ እንደነበረ ይነገርለታል። አንድ ቀን አንድ ሕፃን በእፍኙ ውኃ ሲጠጣ አይቶ "ይህ ልጅ በለጠኝ" ብሎ ዋንጫውን ወረወረው ይባላል። እኛም ለእንዲህ ያለው ታሪክ እሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዋልድባ ገዳም እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ የሚኖሩ መነኮሳት አሉን። መናኝ ማለት በእኛ ዘንድ እብድ ማለት አይደለም፤ ከእኛ ቀድሞ የነቃ ሰው ማለት ነው።

የዛሬው ዓለም ደግሞ ምናኔውን በመጠኑ አለሳልሶ ወደ ቁም ሣጥን አምጥቶታል። ማሪ ኮንዶ የተባለች ጃፓናዊት የጻፈችው የቤት አሰናድ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝኛ ከወጣ ወዲህ በመላው ዓለም ተነብቧል። ምክሯ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱን ዕቃ በእጅሽ ያዥና ደስታ ይሰጠኝ እንደሆነ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፤ ካልሰጠሽ አመስግነሽ አሰናብቺው። መልካም ምክር ነው። ችግሩ የእናቴ ምጣድ እንጀራ እንጂ ደስታ ሰጥቷት አያውቅም። በዚህ ሚዛን ብንሄድ እኛ ቤት ከሚተርፈው ዕቃ የጀበናው ስኒ ይበዛል።

ለመሆኑ መጣል ለምን ከበደን? እ.ኤ.አ. በ1990 ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ሦስት ምሁራን ያሳተሙት ጥናት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ተማሪዎችን ሰብስበው ለግማሾቹ አንድ አንድ ኩባያ በነፃ አደሏቸው። ከዚያ ኩባያ ያገኙትን "በስንት ትሸጡታላችሁ?"፣ ያላገኙትን ደግሞ "በስንት ትገዙታላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ኩባያው አንድ ዓይነት ነው፤ ባለቤትነቱም ገና ትኩስ ነው። ሆኖም ሻጮቹ የጠሩት ዋጋ ገዢዎቹ ሊከፍሉት ከፈቀዱት እጥፍ ገደማ ሆነ። "የኔ" የምትል አንዲት ቃል የኩባያውን ዋጋ በእጥፍ ሰቀለችው ማለት ነው። እንግዲህ ገና አሁን እጅ የገባ ኩባያ እንዲህ ከተወደደ፣ 40 ዓመት አብሮን የኖረ ምድጃ፣ 40 ዓመት አብሮን የኖረ ቅሬታስ ምን ያህል ይወደድ?

* * *

በከተማችን ይህን "የኔ" የሚባል ነገር ከደጃፍ የሚፈትኑ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ማዳበሪያ ከረጢቱን አንግቶ "ቁራሌው!" እያለ የሚያልፈው ነው። ጥሪው "ቆርቆሮ ያለው" ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ የተበሳ ባልዲ፣ አሮጌ ጫማ ይገዛል። ሁለተኛው "ልዋጭ!" የሚለው ነው። እሱ የሚዞረው በገንዘብ ሳይሆን በአዳዲስ ሳፋና ጆግ ነው፤ አሮጌ ልብስ ወስዶ አዲስ ፕላስቲክ ይሰጣል። የሁለቱም መጨረሻ መርካቶ ነው።

መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ "ምን አለሽ?" እኛ ጣልነው ያልነው ነገር እዚያ ሲደርስ ገና ሥራ ይጀምራል። በርሜሉ ተቀዶ የከሰል ምድጃና የብረት ሣጥን፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ምናለሽ ተራን ቆሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ ዕቃ የሚሞተው ሲጣል አይደለም። የሚሞተው ከአልጋ ሥር ነው። የኔ ቤት የሚያስነጥሰኝ ቆርቆሮ የሌላ ሰው ቤት እራት ያበስላል።

ስለዚህ "ምን አለሽ?" የሚለውን ጥያቄ አቅልለን ማየት የለብንም። መልሱን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ያለንን የምንቆጥረው ሦስት ጊዜ ነው፤ ስንሰረቅ፣ ስንሞትና ቤት ስንለቅ። በሁለተኛው ጊዜ ቆጣሪዎቹ ሌሎች ናቸው።

እኛ የቆጠርነው ቤት ስንለቅ ነው።

* * *

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሚያሠራበት ድርጅት ነው። "ካዛ ኢንቺስ" ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆነ። እናቴ እዚያ ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ በሙሽርነቷ የገባችው በ1979 ዓ.ም. ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ 38 ዓመት ኖራበት ነበር። ምትክ የደረሰን ከከተማው ጫፍ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ዕቃ መዝጋቢ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ቀን መዝገብ ይህን ይላል፤ ጄሪካን 11፣ ጠርሙስ 64፣ ምጣድ 3 (አንዱ የተሰነጠቀ)፣ ሬድዮ 2። ከሬድዮኖቹ አንደኛው ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. እናትና አባቴ የመንግሥት ለውጡን ዜና የሰሙበት ነው። ያንን ካወራ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ጠፋ። እናቴ "ከዚያ በላይ ምን ሊያወራ ኖሯል?" ትላለች።

እውነቱን ለመናገር ትልቅ ክርክር ጠብቄ ነበር። አልሆነም። እናቴ ጀሪካኑንም ጠርሙሱንም ለቁራሌው በአንድ ቃል ሸኘችው። ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም። ትልቁን የሠርግ ብረት ድስት ለእድሩ ልትሰጥ አሰበችና ቆም አለች። እድርተኛው ራሱ በየአቅጣጫው ሊበተን ነው፤ ድስቱን ማን ይረከበዋል? በመጨረሻ ልጇን ልትድር ለተቃረበች ጎረቤታችን ሰጠቻት። ያቺም ጎረቤት ወደ ሌላ የከተማው ጫፍ ነበር የምትሄደው። ዕቃ መኪና ላይ ይጫናል፤ ጎረቤት አይጫንም። በዚያ ሳምንት ካዛንቺስ ውስጥ ከልቅሶ የማይተናነስ ነገር የነበረው በዕቃው ምክንያት አልነበረም።

ልዋጩ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ አስረክባው ሁለት ሳፋ ተቀበለች። ወጣቱ ገበያው ደስ ስላሰኘው ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ፣

"ማዘር፣ ሌላስ ምን አለሽ?" አላት።

"ሁሉም አለኝ ልጄ፤ ቦታ ነው የሌለኝ።"

"ይቺስ ሻንጣ?"

"እሷ ባለቤት አላት" አለችው። ድምፅዋ አልተለወጠም። ልጁ ግን ገባው መሰለኝ ዳግመኛ አልጠየቀም። ሳፋዎቹን አንሥቶ ሄደ።

ያቺ ቡናማ ሻንጣ የታናሽ ወንድሜ ናት። ሁለት ጂንስ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ስኒከር፣ የ12ኛ ክፍል ወረቀቱና የትምህርት ቤቱ የኳስ ማልያ አሉባት። ወንድሜ በሚያዝያ 2004 ዓ.ም.፣ በ19 ዓመቱ፣ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከኦቦክ፣ ከባሕሩ ዳር ነው። ጀልባ እየጠበቁ እንደሆነ፣ የመን ሲደርስ እንደሚደውል ነገረን። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ እናቴ ፎቶግራፉን ይዛ ቦሌ እየሄደች ትቆም ነበር። ከተመላሾቹ አንዳንዶቹ ፎቶውን ተቀብለው አተኩረው ያዩላት ነበር። አየሁት ያለ ግን አልተገኘም። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. የመን ውስጥ ጦርነቱ ሲፋፋም ቴሌቪዥን ማየት ተወች። ሻንጣዋን ግን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ ፀሐይ ሲወጣ ትከፍታታለች። ልብሱን አጥባ፣ አስጥታ፣ አጥፋ ትመልሰዋለች። ስኒከሩ ተሠርቶ እንደወጣ ነጭ ነው።

አክስቴ በዚያ ሰሞን ልታግዘን መጥታ ሻንጣዋን ባየች ጊዜ፣ "አንቺ ሴት፣ እስከ መቼ? ለድሃ ብትሰጪለት ለነፍሱም ይሆነው ነበር" አለቻት። ክፋት አልነበረባትም። እናቴም አልተቆጣችም።

"ልብሱን የሰጠሁ ዕለት መርዶውን የነገርኩት እኔ ነኝ" አለች።

* * *

መርዶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ይመክራል፤ ማለዳ ሰው ሳይወጣ በር ይንኳኳል፤ የሚናገረው ሽማግሌ አስቀድሞ ይመረጣል። ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን መርዶ በር ነው። በእሱ ካልገቡ ልቅሶ የለም፤ ሣልስት የለም፤ አርባ የለም፤ ተዝካር የለም፤ ጥቁር መልበስም ማውለቅም የለም። አባቴ በ1999 ዓ.ም. ሲያርፍ ልብሱ በአርባው ዕለት ለነዳያን ተሰጥቷል። እናቴ በእጇ አጣጥፋ ነው የሰጠችው። ያቺው ሴት ናት ዛሬ የአንድ ልጅ ማልያ መስጠት ያቃታት። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ቀብሮ የተመለሰ ሰው መስጠት ይችላል፤ መቃብር የሌለው ሐዘን ግን የሚሰጠው ነገር የለውም።

ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር ይህንን ሐዘን አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የገቡበት የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ፣ የሞተበትም ያልሞተበትም ሰው ሆኖ መኖር ከሁሉም ሐዘን የተለየ መሆኑን አዩ። መቋጫ የሌለው ሐዘን ልንለው እንችላለን። የምሁሯ ምክር "ቁረጪና እርሺው" የሚል አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው "ምናልባት የለም" እና "ምናልባት ይመጣል" የሚሉትን ሁለት ሐሳቦች በአንድ ልብ ይዞ መኖርን ይማራል እንጂ፣ አንዱን እንዲጥል ሊገደድ አይገባም ይላሉ። እናቴ ይህን መጽሐፍ አላነበበችም። በየመስከረሙ ሻንጣ ከፍታ የምትሠራው ግን ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ነው "ጣል፣ ተወው፣ ቀለል በል" የሚለው ምክር የሚንገዳገደው። ይህን ምክር የሚሰጡ መጻሕፍት ሁሉንም ጓዝ በአንድ ሚዛን ይሰፍራሉ። ተስፋም ጓዝ ነው፤ ቂምም ጓዝ ነው፤ የተሰነጠቀ ምጣድም ጓዝ ነው። እናቴ ግን ሚዛኗ ሌላ ነበር። ከሻንጣዋ ሌላ ከዚያ ቤት ልታወጣው የሚገባ ትልቅ ነገር እንደነበራት ያወቅሁት የሄድን ዕለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ለደላላ የከፈለውን ገንዘብ ያበደረው አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ልጁ ለምኖት፣ ለእህቱ ሳያማክር ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት እህል ቀምሰው አያውቁም። ልቅሶ ቤት ይገናኛሉ፤ አንዱ በድንኳኑ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ይቀመጣል። ፋሲካ ሲመጣ ሰላምታ በልጆች በኩል ይመላለሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ አበው። እዚህ ግን ወጊውም አልረሳም ነበር። ከ12 ዓመት በላይ በዚያ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሰፊውን ቦታ ይዞ የኖረው ብፌው አልነበረም። ስለ አጎቴ የማይወራበት ጥግ፣ ስሙ ሲነሣ የምንዘጋው በር፣ ባለመጥራቱ የጎደለው የበዓል ወንበር ይህ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል።

የጫንን ዕለት አጎቴ ማንም ሳይጠራው አይሱዙ ተከራይቶ መጣ። "እንደምን አደራችሁ" አለና እጅጌውን ሰብስቦ ብፌውን ከአንድ ወገን ያዘ። ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋ ሰው ነው። እናቴ አላስገባውም አላለችም፤ ግባም አላለችውም። ዕቃው ተጭኖ ሲያበቃ የሾፌሩ ረዳት ቡናማዋን ሻንጣ አንሥቶ ከፍራሹ ላይ ሊወረውር ሲል አጎቴ እጁን ያዘው። ሻንጣዋን ተቀብሎ ጋቢና ገባ፤ ጭኑ ላይ አስቀመጣት፤ በሁለት እጁ አቀፋት። እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ እንደዚያው ሆኖ ሄደ። እናቴ ከጎኑ ነበረች።

መንገድ ላይ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሾፌሩ ዝም ብለው ነበር ብሎኛል። አራተኛው ፎቅ ላይ ዕቃው ገና በየጥጉ ተከምሮ ሳለ እናቴ ጀበናዋን ፈልጋ አወጣችና ከሰል አያያዘች። አጎቴ ሊሄድ ብድግ ሲል ስኒ ዘረጋችለት።

"ጋሼ፣ ተቀመጥ፤ ይቀዘቅዛል" አለችው።

ተቀመጠ። አቦሉን ጠጣ፤ ቶናውን ጠጣ፤ እስከ በረካው ቆየ። ወሬያቸው ስለ ሊፍቱ አለመሥራትና ስለ ውኃው ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል ሲወጣ አልሰማሁም። ሻንጣዋ ከአልጋው ሥር ገባች፤ ቂሙ ግን ከአይሱዙው አልወረደም። ከሳምንታት በኋላ "እንዴት ሆነልሽ?" ብዬ ስጠይቃት እናቴ ሽንኩርቷን እየላጠች፣ "በሱ ብጨክን ልጄን አላመጣልኝም" አለችኝ። "እሱም'ኮ በየሌሊቱ ይጠብቀዋል።"

* * *

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ። ሕይወትን ማቅለል ማለት ቤትን ባዶ ማድረግ ማለት ሆኖ አልታየኝም። ባዶ ቤትማ ተከራይ ሲወጣም ይገኛል። የሚሻለው ያለንን ሦስት ቦታ መክፈል ነው፤ የሚጠቅመን፣ ሌላውን የሚጠቅም፣ እና የምንጠብቀው። የሚጠቅመን ከእኛ ጋር ይቀመጥ። ሌላውን የሚጠቅመው ዛሬውኑ ይውጣ፤ ጎረቤት እያለ፣ የሚረከበው ሰው ሳይበተን። የምንጠብቀው ደግሞ፣ በእርግጥ የምንጠብቀው ከሆነ፣ ንጹሕ ቦታ ይሰጠው፤ ይታጠብ፣ ፀሐይ ይምታው፤ ከጄሪካንና ከጣሳ ጋር አይደባለቅ። እናቴ ሌላውን ሁሉ የጣለችው ለዚያች አንዲት ሻንጣ ቦታ ለማግኘት ይመስለኛል።

ከሦስቱም የማይመደብ አንድ ዕቃ ይቀራል። ለእኛ አይጠቅምም፤ ለሌላም አይሆንም፤ የምንጠብቀውም ነገር የለውም። እሱም ቂም ነው። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ሌሊቱን የሚያሳልፈን የለም ለማለት ነው። ሌላው ዕቃ ሁሉ በመጨረሻ ገዢ ያገኛል። የተሰነጠቀ ምጣድ እንኳ የሚፈልገው አይጠፋም። ቂምን ግን ቁራሌውም አይገዛውም፣ ልዋጩም ሳፋ አይሰጥበትም፣ ምናለሽ ተራም ቀጥቅጦ ምድጃ አያወጣበትም። ባለቤቱ ራሱ ካላወረደው የሚያወርድለት የለም።

የዘመን መለወጫ ሲደርስ ቤት ማጽዳት ልማዳችን ነው። መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ይራገፋል፣ ቁም ሣጥን ይገለበጣል። መልካም ነው። ብቻ እያንዳንዳችን ስልካችን ውስጥ ስሙ ኖሮ የማንደውልለት ሰው አናጣምና፣ ከቁም ሣጥኑ በፊት ከእሱ መጀመር ይሻላል። የሚነገር ነገር ከጠፋ ስለ ውኃውና ስለ ሊፍቱ ማውራት ይቻላል። ቡናውን ግን እስከ በረካው ድረስ መጠጣት ነው።